ከባሕር ወለል በታች ያሉ ጥብቅ ስፍራዎች

  በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ወደ ሰሜን ምዕራብ አውሮፓ እንሻገርና ኔዘርላንድስን፣ በተለምዶ ሆላንድ የምንላትን አገር፣ እንቃኛለን። የምናወጋው ስለ ጥብቅ ስፍራዎቿና በእነሱ ውስጥ ስለተጠለሉት አዕዋፍ፣ እንስሳትና ዕፅዋት ነው። የምጠራቸው ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

የተፈጥሮ ጥበቃ ነገር ሲነሳ አብዛኞቻችን የምናስበው የሰው እጅ ያልነካውን ጫካ ወይም ተራራ ነው። ሆላንድ ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ የለም ማለት ይቻላል። ወደ 18 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የኢትዮጵያን ስፋት አንድ ሃያ አምስተኛ እንኳ በማይሞላ አገር ላይ ይኖራል። ከአገሪቱ መሬት 26 በመቶ ያህሉ ከባሕር ወለል በታች ነው። ከሮተርዳም ሰሜን ምሥራቅ ያለው ዝቅተኛው ቦታ ከባሕሩ በ6 ሜትር ከ76 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። እዚያ የቆመ ሰው፣ ግድቡ ባይኖር፣ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት በሚያህል ውሃ ሥር በሆነ ነበር።

ከዚህ መሬት ብዙው ከውሃ የተነጠቀ ነው። ሐይቁን ወይም ረግረጉን ዙሪያውን በግድብ ያጥሩታል፤ ውስጡን በቦይ ይከፋፍሉታል፤ ከዚያ ቀድሞ በነፋስ ወፍጮ፣ በኋላ በእንፋሎት ሞተር፣ ዛሬ ደግሞ በኤሌክትሪክ ፓምፕ ውሃውን እየሳቡ ከግድቡ ውጭ ይደፉታል። እንዲህ የደረቀው መሬት ፖልደር ይባላል። ፖልደር ጠርዙ ከፍ ያለ ገበቴ ነው፤ ዝናቡም፣ ከሥር የሚመነጨው ውሃም ወደ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ፓምፑ ካረፈ ገበቴው ይሞላል። ስለዚህ በዚያ አገር አንድን ረግረግ «እንዳለ እንተወው» ማለት አይቻልም። ረግረግ ሆኖ የሚቆየው ሰው ውሃውን ሲጠብቅለት ነው።

እኔን ወደዚህ ታሪክ የሳበኝም ይኸው ነው። ሆላንዶች ከመቶ ዓመት በላይ ቦታ እየገዙ፣ እየከለሉ፣ ሕግ እያወጡ ተፈጥሮን ሲጠብቁ ኖረዋል። ሆኖም በየጊዜው የሚገጥማቸው ፈተና ከክልሉ ውጭ የሚመጣ ነው፤ በቦይ ይመጣል፣ በነፋስ ይመጣል። ለዚህ የሰጡት መልስ፣ የተሳካውም ያልተሳካውም፣ ለማንኛውም ጥብቅ ስፍራ ላለው አገር ጠቃሚ ዕውቀት ነው ብዬ አምናለሁ።

ከመጀመሪያው እንጀምር። ከአምስተርዳም በስተምሥራቅ ናርደርሜር የሚባል ሸምበቆ የከበበው ሐይቅ አለ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አንዴ አድርቀውት ነበር፤ የስፔን ጦር ሲቃረብ ግን ለመከላከያ ብለው ውሃውን መልሰው ለቀቁበት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዳግም ለማድረቅ ተሞከረ፤ ከመሬት ሥር የሚመነጨው ውሃ ፓምፑን አሸነፈና ተተወ። በ1904 የአምስተርዳም ከተማ ሹማምንት ሌላ ሐሳብ አመጡ፤ «ይህ ቦታ ለምንም አይሆንም፤ የከተማዋን ቆሻሻ እንድፋበት» አሉ።

ያኔ ድምፃቸውን ካሰሙት ውስጥ ሁለት የትምህርት ቤት መምህራን ነበሩ። ያኮቡስ ታይሰና ኤሊ ሃይማንስ ይባላሉ። ሁለቱ ስለ ወፍ፣ ስለ አበባ፣ ስለ ኩሬ ነፍሳት ለሕፃናትና ለወጣቶች የሚሆኑ ትንንሽ መጻሕፍት ይጽፉ ነበር። ታይሰ በጋዜጣ ላይ ወጥቶ ናርደርሜር ምን እንደሆነ ለሕዝብ አስረዳ። እዚያ የሚዋለዱት መንቁራቸው ጫፉ ላይ ሰፋ ጠፍጠፍ ያለ ነጫጭ ወፎች በአገሪቱ ውስጥ ብርቅ መሆናቸውን ጻፈ። የከተማው ምክር ቤት ዕቅዱን ውድቅ አደረገ። ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም፤ ዛሬ ቆሻሻ ቢቀር ነገ ሌላ ሐሳብ ይመጣል። ስለዚህ በ1905 «ናቲውርሞኒውሜንተን» የተባለውን የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1906 ሐይቁን በገንዘብ ገዙት። የሆላንድ የመጀመሪያው ጥብቅ ስፍራ እንዲህ ተወለደ፤ በመንግሥት አዋጅ ሳይሆን በዜጎች መዋጮና ብድር።

ታይሰ ከዚያ በኋላም አላረፈም። ፈርካደ የሚባል የብስኩት ፋብሪካ በየማሸጊያው ውስጥ ባለቀለም የተፈጥሮ ሥዕሎች ማድረግ ጀመረ፤ ሥዕሎቹ የሚለጠፉባቸውን አልበሞች የጻፈው እሱ ነው። ልጆች ሥዕሉን ለማሟላት እየተቀያየሩ፣ እናቶች ብስኩቱን እየገዙ፣ አንድ ትውልድ የወፎችንና የአበቦችን ስም አጠና። ዛሬ ማኅበሩ በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠሩ አባላት ያሉት ለምን እንደሆነ ስጠየቅ እኔ የማስቀድመው ያንን ብስኩት ነው። ሕዝብ በስሙ የማያውቀውን ነገር ለማዳን ገንዘብ አያወጣም።

አሁን ወደ ውሃው እንመለስ። ናርደርሜር ተገዛ፣ ዳነ ተባለ። ዙሪያው ግን እርሻ ነው። ገበሬው ላሙና ትራክተሩ እንዳይሰጥሙበት መሬቱ ደረቅ እንዲሆንለት ይፈልጋል፤ ስለዚህ በአካባቢው ያሉት ፖልደሮች ውሃቸውን በፓምፕ ዝቅ ያደርጋሉ። ጥብቅ ስፍራው ከጎረቤቱ ከፍ ብሎ ይቀራል፤ ውሃውም በመሬት ውስጥ ወደ ዝቅተኛው ይሸሻል። በበጋ ሐይቁ እንዳይደርቅ ከውጭ ውሃ ማስገባት ግድ ሆነ። ከውጭ የሚመጣው ውሃ ደግሞ ከእርሻና ከከተማ ታጥቦ የመጣ ፎስፌት የተሸከመ ነው። ፎስፌት ለአልጌ ምግብ ነው፤ አልጌ ሲበዛ ውሃው ይደፈርሳል፤ ብርሃን ወደ ታች አይደርስም፤ በውሃ ውስጥ የሚበቅሉት ዕፅዋት ይሞታሉ፤ ዓሣውም፣ ነፍሳቱም፣ በእነሱ የሚኖረው ወፍም ይከተላል። ሐይቁን ማንም ሳይነካው፣ ማንም ቆሻሻ ሳይደፋበት፣ ሊሞት ተቃረበ።

መፍትሔው በ1980ዎቹ መጣ። ወደ ሐይቁ በሚገባው ውሃ መንገድ ላይ ፎስፌቱን በኬሚካል አዝቅጦ የሚያስቀር ማጣሪያ ተሠራ። ውሃው ቀስ በቀስ ጠራ፤ የጠፉ የውሃ ውስጥ ዕፅዋት ተመለሱ። ከዚያም በዙሪያው ያሉ የእርሻ ቦታዎች እየተገዙ ውሃቸው ከፍ እንዲል ተደረገ፤ እነሱ ራሳቸው ለሐይቁ እንደ ትራስ ሆነው ውሃውን እንዲይዙለት ማለት ነው።

ይህን የሚወስነው ማነው? በሆላንድ የውሃ ቦርድ የሚባሉ ተቋማት አሉ። አንዳንዶቹ ሥራቸው ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ይጀምራል፤ ከዛሬው መንግሥት ይልቅ በዕድሜ ይበልጣሉ። ዛሬ 21 ናቸው፤ ሕዝብ ይመርጣቸዋል፣ ግብር ይሰበስባሉ፣ በየቦዩ ያለው ውሃ በበጋ ስንት ሴንቲ ሜትር፣ በክረምት ስንት ሴንቲ ሜትር ላይ ይቁም የሚለውን ይወስናሉ። አንድ የጥብቅ ስፍራ ኃላፊ ለአንድ ረግረግ የሚከራከረው ብዙ ጊዜ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ የሚከራከረውም ስለ 20 ሴንቲ ሜትር ነው። ውሃው ዝቅ ሲል ከሥር ያለው ከሸምበቆና ከሳር ብስባሽ የተሠራ ጥቁር አፈር አየር ያገኘዋል፤ አየር ሲያገኘው ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስ መሬቱ በዓመት እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር ይሰምጣል። መሬቱ ሲሰምጥ ፓምፑ ይበልጥ ዝቅ ማድረግ አለበት። እንዲህ እየተባባሰ ይሄዳል።

(አጭር ሙዚቃ)

የተከበራችሁ አድማጮች፣ ቀጥለን ወደ አንድ አስቸጋሪ ታሪክ እንለፍ። በ1968 ከአምስተርዳም ሰሜን ምሥራቅ ደቡብ ፍሌቮላንድ የተባለ ሰፊ ፖልደር ደረቀ። አፈሩ ቶሎ እንዲጠነክር የሸምበቆ ዘር በአውሮፕላን ተበተነበት። ዝቅተኛው ጥግ ለከባድ ኢንዱስትሪ ተይዞ ነበር፤ ኢንዱስትሪው ሳይመጣ በመዘግየቱ ቦታው ረግረግ ሆኖ ቆየ። ከዚያ ዝይዎች መጡ። በሺዎች። ዝይ ላባዋን በምትቀይርበት ወቅት ለሳምንታት መብረር አትችልም፤ ስለዚህ ቀበሮ የማይደርስበት ውሃ ያለበት ሰፊ ቦታ ትፈልጋለች። ያንን አገኘች። ሸምበቆውን እየበላች ውሃው ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ስታደርግ ሌሎች ወፎችም ተከተሏት። ኦስትፋርደርስፕላሰን የሚባለው 56 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ጥብቅ ስፍራ እንዲህ ያለ ዕቅድ ተፈጠረ። ከሁለት ከተሞች መካከል የሚያልፈው የባቡር ሐዲድ እንኳ ለዚህ ቦታ ሲባል ተጠማዞ እንዲሄድ ተደረገ።

ፍራንስ ፌራ የተባለ የሥነ ምኅዳር ባለሙያ ከዝይዎቹ አንድ ሐሳብ ወሰደ። «ዝይ ረግረጉን ክፍት ካደረገች፣ ትልልቅ ሳር በል እንስሳትም ሜዳውን ክፍት ሊያደርጉ ይችላሉ፤ የጥንቱ የአውሮፓ ሜዳና ደን እንዲህ ነበር» አለ። በ1983 ሄክ የሚባሉ ከብቶች፣ በ1984 ኮኒክ የሚባሉ ፈረሶች፣ በ1992 ቀይ አጋዘኖች ገቡ። መመሪያው አጭር ነበር፤ ሰው ጣልቃ አይግባ። እንስሳቱ ተዋለዱ፣ ተበራከቱ። በ2006 ደግሞ ነጭ ጅራት ያለው ትልቁ የባሕር ንስር እዚያ ጎጆ ሠራ፤ በዘመናችን ንስሩ በሆላንድ ሲራባ ያ የመጀመሪያው ነበር። ከመላው ዓለም ተመራማሪ ቦታውን ይጎበኝ ጀመር።

የ2017 መጨረሻና የ2018 መጀመሪያ ክረምት ነገሩን ለወጠው። የእንስሳቱ ቁጥር ከ5,000 በላይ ደርሶ ነበር፤ ሳሩ አለቀ። ከ3,000 በላይ እንስሳት በዚያ ክረምት ሞቱ። አብዛኞቹን የገደሏቸው የቦታው ጠባቂዎች ናቸው፤ በረሃብ ሲማቅቁ እንዳይሞቱ ደካማውን እየለዩ ይተኩሱ ነበር። ሕዝቡ ተቆጣ። ሰዎች በመኪና ድርቆሽ ጭነው እየመጡ በአጥሩ ላይ ወደ ውስጥ ይወረውሩ ጀመር። የአካባቢው አውራጃ አስተዳደር ኮሚቴ አቋቁሞ ፖሊሲውን ቀየረ፤ የእንስሳቱ ቁጥር በጣም ዝቅ እንዲል ተወሰነ።

በዚህ ጉዳይ የእኔን አቋም ልናገር። ድርቆሽ የወረወሩትን ሰዎች አልወቅሳቸውም፤ በዓይናቸው ፊት የሚሞት ፈረስ አይተው ነው። ባለሙያዎቹንም ጨካኞች ናቸው አልልም። ችግሩ አጥሩ ነው። በሴሬንጌቲ ሳር ሲያልቅ እንስሳው ይሰደዳል። እዚህ የሚሰደድበት አልነበረውም። ይህን ዕቅድ አውጪዎቹ ያውቁ ነበር፤ ከቦታው ተነስቶ በአገሪቱ መሃል እስካለው የፌሉወ ደን የሚደርስ የእንስሳት መተላለፊያ ሊሠራ ታቅዶ መሬት መገዛት ተጀምሮ ነበር። በ2010 አካባቢ መንግሥት ገንዘቡን ቆረጠና ቀረ። በር ተዘግቶ «ተፈጥሮ ራሷን ታስተዳድር» ማለት ለተፈጥሮ ያልተሰጠ ነፃነት ነው።

የመተላለፊያው ሐሳብ ሌላ ቦታ ግን ተግባራዊ ሆኗል። ከ1990 ጀምሮ ሆላንድ የተበጣጠሱ ጥብቅ ስፍራዎቿን እርስ በርስ ለማያያዝ የሚያስችል የተፈጥሮ መረብ በመዘርጋት ላይ ናት። ከዚህ ሥራ በዓይን የሚታየው የእንስሳት ድልድይ ነው። ሂልቨርሱም አጠገብ ያለው ዛንደራይ ክራይሎ የሚባለው ድልድይ 800 ሜትር ርዝመት አለው፤ 50 ሜትር ይሰፋል፤ ከሥሩ አውራ መንገድና የባቡር ሐዲድ ያልፋሉ። ላዩ አፈር፣ ሳርና ቁጥቋጦ ነው። ሚዳቋም፣ እንሽላሊትም፣ ጥንዚዛም ይሻገሩበታል።

ባሕሩን አንርሳ። በ1953 የካቲት ወር መጀመሪያ ሌሊት የሰሜን ባሕር ማዕበል በደቡብ ምዕራብ ያሉትን ግድቦች ጥሶ 1,836 ሰው ገደለ። ያ ሐዘን ባልበረደበት ጊዜ መንግሥት አብዛኞቹን የባሕር ሰርጦች በግድብ ሊደፍን ወሰነ፤ ማንም ሊቃወም የሚችል አይመስልም ነበር። የመጨረሻውና ሰፊው ሰርጥ ኦስተርስኸልደ ላይ ሲደረስ ግን በሙሰልና በኦይስተር ዛጎል ልማት የሚተዳደሩ ዓሣ አጥማጆችና የአካባቢ ተቆርቋሪዎች አንድ ላይ ቆሙ። ሰርጡ ከተደፈነ ጨዋማው ውሃ ይቀራል፤ በቀን ሁለት ጊዜ የሚወጣውና የሚገባው ማዕበል ይቆማል፤ ሕይወቱ ሁሉ ይጠፋል አሉ። ከረጅም ክርክር በኋላ የአገሪቱ ምክር ቤት ሐሳቡን ቀየረ። 62 ትልልቅ የብረት በሮች ያሉት ግድብ ተሠርቶ በ1986 ተመረቀ። በሮቹ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ናቸው፤ የሚወርዱት ከባድ ማዕበል ሲመጣ ብቻ ነው። በ2002 ኦስተርስኸልደ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ በወቅቱ ከሆላንድ ብሔራዊ ፓርኮች በስፋቱ ትልቁ ነበር። እርግጥ ነው፣ የውሃው ጉልበት በመቀነሱ ወፎች የሚመገቡባቸው የአሸዋ ሜዳዎች እየተሸረሸሩ ስለሆነ ዛሬ አሸዋ እየተጓጓዘ ይደፋባቸዋል። ያም ሆኖ፣ የሰው ነፍስና የባሕር ሕይወት አብረው እንዲድኑ ተጨማሪ ገንዘብ ለማውጣት የተስማማ ምክር ቤት መኖሩ ትልቅ ነገር ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ደግሞ ከጥብቅ ስፍራ ውጭ የምትኖር አንዲት ወፍ ላስተዋውቃችሁ። ሆላንዶች ግሩቶ ይሏታል፤ እግሯ ረጅም፣ መንቁሯ ረጅምና ቀጥ ያለ፣ ደረቷ በእርባታ ወቅት የሸክላ መልክ ያለው ናት። በ2015 የአገሪቱ ብሔራዊ ወፍ ሆና ተመርጣለች። በምዕራብ አውሮፓ ጎጆ ከሚሠሩት የእሷ ዓይነት ወፎች አብዛኞቹ ያሉት ሆላንድ ውስጥ ነው። ክረምቱን በስፔንና በፖርቱጋል፣ ወይም ሰሃራን አቋርጣ በሴኔጋልና በጊኒ ቢሳው የሩዝ ማሳዎች ታሳልፋለች። የምትራባው ግን በፓርክ ውስጥ አይደለም፤ ላም በሚግጥበት፣ እርጥበት ባለው የገበሬ ሜዳ ላይ ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት ገበሬውና ግሩቶ ተስማምተው ኖሩ።

የተለወጠው የሳሩ ቀን ነው። ድሮ ውሃው ከፍ ያለ፣ ማዳበሪያውም ጥቂት ስለነበር ሳሩ ዘግይቶ ያድግ ነበር፤ የሚታጨደው ጫጩቶቹ መብረር ከጀመሩ በኋላ ነው። ዛሬ ሜዳው ደርቋል፤ አበባ የሚባል የሌለበት፣ በማዳበሪያ ቶሎ የሚያድግ አንድ ዓይነት ሳር ተዘርቶበታል፤ ማጨጃው ማሽን በግንቦት መጀመሪያ ይገባል። በዚያ ሰዓት የግሩቶ ጫጩት ገና ከእንቁላል እየወጣች ወይም መሬት ለመሬት እየሮጠች ነው። ከማሽኑ ብትተርፍ እንኳ በታጨደው ሜዳ ላይ የምትበላው ነፍሳት የለም፤ ከአሞራም የሚሸሽጋት ሳር የለም። በ1960ዎቹ ከ100,000 በላይ የነበሩት ጥንዶች ዛሬ ከሲሶ በታች ወርደዋል። አሁን መንግሥት እስከ ሰኔ አጋማሽ ሳያጭድ ለሚቆይ ገበሬ ክፍያ ይሰጣል፤ በጎ ፈቃደኞችም በጸደይ ሜዳ ለሜዳ እየዞሩ ጎጆ ያለበትን ቦታ በእንጨት ምልክት ያደርጉበታል፤ ትራክተረኛው አይቶ እንዲያልፈው። በተጠበቀው ጎጆ ውስጥ ያለው እንቁላል ይፈለፈላል። ጫጩቷ ግን ነፍሳት ያለበት እርጥብ ሜዳ ካላገኘች አታድግም፤ ለዚህም ነው እንጨት መትከሉ ብቻውን ያልበቃው።

ወደ ሰሜን ስንወጣ የቫደን ባሕር አለ። በቀን ሁለት ጊዜ ውሃው ይሸሽና ማለቂያ የሌለው የጭቃና የአሸዋ ሜዳ ይገለጣል፤ ሰዎች መንገድ መሪ ይዘው፣ እስከ ጉልበታቸው እየጠለቁ፣ ከዋናው መሬት ወደ ደሴቶቹ በእግር ይሻገሩበታል። በዓመት ከ10 እስከ 12 ሚሊዮን የሚገመቱ ተጓዥ ወፎች ከሳይቤሪያና ከአርክቲክ ወደ አፍሪካ ሲሄዱና ሲመለሱ ያርፉበታል። ከጭቃው ውስጥ ትልና ዛጎል ለበስ እንስሳት እየለቀሙ ስብ ያጠራቅማሉ፤ ያ ስብ ቀሪውን መንገድ የሚያስኬዳቸው ስንቅ ነው። ሆላንድ፣ ጀርመንና ዴንማርክ ከ1978 ጀምሮ ባሕሩን በጋራ ይጠብቃሉ፤ ዩኔስኮ የሆላንድንና የጀርመንን ክፍል በ2009፣ የዴንማርክን በ2014 በዓለም ቅርስነት መዝግቧል።

በዚህ ባሕር ላይ የተነሳ አንድ ክስ የአውሮፓ ኅብረትን የጥበቃ ሕግ አተረጓጎም ለውጧል፤ ስለዚህ ጠጋ ብለን እንየው። ኮክል የሚባለውን ትንሽ ዛጎል በማሽን ከጭቃው እየፈለፈሉ የሚያወጡ መርከቦች ነበሩ። የባሕሩ ተቆርቋሪ ማኅበር «ይህ የወፎቹን ምግብ ያጠፋል፣ የባሕሩንም ወለል ያበላሻል» ብሎ የተሰጣቸውን ፈቃድ በመቃወም ከሰሰ። ጉዳዩ እስከ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደረሰ። በመስከረም 2004 ፍርድ ቤቱ የሰጠው ትርጉም ይህ ነው፤ በተከለለ ስፍራ ላይ ተጽዕኖ ሊኖረው የሚችል ሥራ ፈቃድ የሚያገኘው ጉዳት እንደማያደርስ ከሳይንስ አንጻር ምክንያታዊ ጥርጣሬ ሲጠፋ ብቻ ነው። ቀድሞ ተፈጥሮን የሚጠብቀው ወገን ጉዳት መኖሩን ያረጋግጥ ነበር፤ አሁን ፈቃድ የሚሰጠው ባለሥልጣን ጉዳት አለመኖሩን ያረጋግጥ ተባለ። በማሽን ኮክል ማውጣት በሆላንድ የቫደን ባሕር ላይ በ2005 ቆመ።

ይህ ፍርድ ከባሕር ዳርቻ ወደ ላም በረት ይገባል ብሎ በጊዜው ያሰበ ብዙ ሰው አልነበረም።

በሆለታ፣ በቢሾፍቱ ወይም በሰላሌ የወተት ላም የምታረቡ አድማጮች ያችን ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር፣ ሆልስታይን ፍሪዥያን የምትባለውን ላም በደንብ ታውቋታላችሁ። የዘር ሐረጓ ከሰሜን ሆላንዱ የፍሪስላንድ አውራጃና ከአጎራባቹ የጀርመን ሜዳ ይመዘዛል። ሆላንድ ዛሬ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጋ የቀንድ ከብትና 10 ሚሊዮን ያህል አሳማ አላት። መነሻው የሚያሳዝን ታሪክ ነው። በ1944 እና በ1945 መካከል በነበረው የጦርነት ክረምት በምዕራብ ሆላንድ ሕዝብ በረሃብ አለቀ። ከጦርነቱ በኋላ የግብርና ሚኒስትር የሆነው ሲኮ ማንስሆልት ያ ረሃብ ዳግም እንዳይመጣ ምርት እንዲጨምር ሌት ተቀን ሠራ። ገበሬው ስፋ ተባለ፣ ሰፋ፤ ተበደር ተባለ፣ ተበደረ።

የከብት ሽንትና እበት በአንድ ጉድጓድ ሲቀላቀሉ በሽንቱ ውስጥ ያለው ዩሪያ ወደ አሞኒያ ጋዝ ይለወጣል። አሞኒያ ናይትሮጅን አለበት። ከበረቱ ይወጣል፣ ነፋስ ይወስደዋል፣ ከዚያ በዝናብም በአቧራም መልክ መሬት ላይ ያርፋል። በሆላንድ ተፈጥሮ ላይ ከሚያርፈው ናይትሮጅን ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከአገሪቱ ግብርና ነው፤ የቀረው ከመኪና፣ ከፋብሪካና ከጎረቤት አገሮች ነው።

«ናይትሮጅን ማዳበሪያ አይደለም ወይ? ምን ይጎዳል?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ቀደም ሲል ያነሳሁት ፌሉወ አሸዋማ ከፍታ ነው። እዚያ የሚበቅለው በሰሜንና በባሌ ተራሮች ላይ የምናውቀው የአስታ ዘመድ የሆነ፣ ከጉልበት የማያልፍ፣ በበጋ መጨረሻ ሐምራዊ አበባ የሚያወጣ ቁጥቋጦ ነው። ይህ ተክል ድሃ አፈር ለምዷል፤ ብዙ ብርቅ የሆኑ ነፍሳት፣ እባቦችና ወፎችም ከእሱ ጋር ይኖራሉ። ከሰማይ ማዳበሪያ ሲዘንብበት ሳሩና ሳማው ይፈረጥማሉ፣ ይውጡታል። በዚያ ላይ ናይትሮጅኑ አፈሩን አሲዳማ ያደርገዋል፤ አሲዱም ካልሲየሙን አጥቦ ያወርደዋል። ካልሲየም የሌለው አፈር ላይ ቀንድ አውጣ ዛጎሏን መሥራት አትችልም፤ ትጠፋለች። በደኑ ውስጥ የምትኖር ቲት የምትባል ትንሽ ወፍ ለእንቁላሏ ቅርፊት የሚሆነውን ካልሲየም የምታገኘው ከቀንድ አውጣ ዛጎል ነው። ተመራማሪዎች በፌሉወ ቅርፊታቸው የሳሳ እንቁላሎችን፣ ጎጆ ውስጥ እንዳሉ እግራቸው የተሰበረ ጫጩቶችን አግኝተዋል። ከላም በረት እስከ ጫጩቷ አጥንት ያለው ሰንሰለት ይህ ነው። በመካከል ያለውን አጥር ከብረት ብትሠሩት ምንም አያግድም።

መንግሥት በ2015 አንድ ፕሮግራም አወጣ። ስሌቱ እንዲህ ነው፤ ወደፊት የናይትሮጅኑ መጠን በተለያዩ እርምጃዎች ስለሚቀንስ፣ ከሚቀንሰው ላይ ዛሬውኑ ለአዲስ በረት፣ ለአዲስ መንገድ፣ ለአዲስ ቤት ፈቃድ ይሰጥ። ዮሃን ፎለንብሩክ የተባለ ኬሚስት የሚመራው ትንሽ የአካባቢ ድርጅት ክስ መሠረተ። በግንቦት 2019 የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ፕሮግራሙን ሻረው። ገና ያልተገኘ ቅነሳ ተይዞ ፈቃድ ከተሰጠ ጉዳት እንደማይደርስ ጥርጣሬው መቼ ጠፋ? ያው የኮክሉ ፍርድ ነው፤ ከ15 ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ።

ወደ 18,000 የሚጠጉ ሥራዎች ባሉበት ቆሙ። በመጋቢት 2020 በአውራ ጎዳናዎች ላይ ቀን ቀን የሚፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሆነ። ገበሬዎች ተቆጡ፤ በጥቅምት 1 ቀን 2019 በትራክተር ወደ ዘ ሄግ ሲተሙ በመላ አገሪቱ መንገዶች ላይ የተፈጠረው የመኪና ሰልፍ ሲደመር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። በ2023 የአውራጃ ምርጫ የገበሬዎቹን ብሶት ይዞ የተነሳው አዲስ ፓርቲ ከሁሉም የበለጠ ድምፅ አገኘ። እኔ እነዚያን ገበሬዎች ስሰማ ልባቸው ይገባኛል። ስፉ ያላቸው መንግሥት ነው፤ ብድር የሰጣቸው ባንክ ነው፤ ዛሬ አባታቸው የተከሉትን በረት አፍርሱ የሚላቸውም ያው መንግሥት ነው። ሆኖም የጠፋው ነፍሳትና የሳሳው እንቁላል ድምፅ መስጠት አይችሉም፤ ጠበቃቸው ሕጉ ብቻ ነው፤ ሕጉ በጩኸት ቢላላ የሚቀራቸው የለም።

በ2023 መንግሥት ከጥብቅ ስፍራ አጠገብ ያሉና ብዙ ናይትሮጅን የሚለቁ ገበሬዎች በፈቃዳቸው በረታቸውን እንዲዘጉ ካሳ መክፈል ጀመረ። ሌሎች ደግሞ ሽንቱንና እበቱን ከጅምሩ በሚለይ ወለል፣ ፕሮቲኑ በተቀነሰ መኖና ላሟን በሜዳ በማሰማራት አሞኒያውን ለመቀነስ ይሞክራሉ፤ በሜዳ ላይ ሽንቱና እበቱ የተለያየ ቦታ ስለሚወድቁ የሚወጣው ጋዝ ያንሳል። በጥር 2025 ደግሞ የዘ ሄግ ፍርድ ቤት ግሪንፒስ ባቀረበው ክስ ላይ ብያኔ ሰጠ። ለናይትሮጅን ከሚሳሱት የተፈጥሮ ስፍራዎች ውስጥ ቢያንስ ግማሹ እስከ 2030 መጨረሻ ሊሸከሙት ከሚችሉት ልክ በታች እንዲወርድላቸው፣ ከእነሱም እጅግ የተጎዱት እንዲቀድሙ፣ ይህ ካልሆነ መንግሥት 10 ሚሊዮን ዩሮ እንዲቀጣ አዘዘ። መንግሥት ይግባኝ አለ።

ሆላንድ የምትኖሩ አድማጮቻችን ይህን ክርክር በየዕለቱ ዜና ላይ የምትሰሙት ነው። ከአምስተርዳም ወደ ሂልቨርሱም በሚሄደው ባቡር ስትሳፈሩ ደግሞ ሐዲዱ ናርደርሜርን መሃል ለመሃል እንደሚያቋርጥ አስታውሱና በመስኮት ውጭ ተመልከቱ፤ በፀደይ ከሆነ ነጫጮቹ ወፎች ይታዩ ይሆናል።